ሁለት እርሳስ

ዳኑብ ጭጋግ ለብሶ፣ ገና ሳይነቃ፣
የሌሊት ፈረቃ ለቀኑ ፈረቃ
ቁልፉን ሳያስረክብ፣
አንዲት ግራጫ መኪና በሩ ላይ ቆመች።
ማንም አልጠራትም። ሳታስነግር መጣች።

ኢልዲኮ ቬሬቤሽ፣ የጨረራ ተቆጣጣሪ፣
ጉልበቷን የሚያማት፣ እርከን በልቧ ቆጣሪ፣
መታወቂያ አሳይታ፣ ካፖርቷን ሰቅላ፣
ደረቷ ላይ ትንሿን መለኪያ አንጠልጥላ፣
"የመጋዘኑን መዝገብ" አለች፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር፤
"ደህና አደራችሁ"ዋ የመጣው ኋላ ነበር።

ዦምቦር ኬረስቱሪ፣ የመጋዘኑ ሹም፣
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከቦታው አልጠፋም፤
ቁልፉን እንደ ክታብ ባንገቱ ያስራል፣
ተቆጣጣሪ ሲመጣ "ሻይ አፍሉ" ይላል።

መዝገቡ አለ፦ አርባ አንድ።
መደርደሪያው አለ፦ አርባ።

ደግማ ቆጠረች።
ሦስተኛ ቆጠረች፣ በጉልበቷ ጨክና፣
ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣
የታችኛውን መደርደሪያ በባትሪ እየፈተሸች።
አርባ።

የጎደለው፣ መጠኑ የምስር ፍሬ ነው፤
የመለኪያዎች ዓይን የሚፈተንበት፣ ብረት የለበሰው፤
ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው፣ ቢነኩት አይሞቅም፤
ኪስ ውስጥ ቢገባ ኪሱም አያውቅም።
እሳት ካለ ጭስ አይጠፋም አሉ፤
ጭስ የሌለው እሳት የሚጠብቁ ሰዎች
ምን ብለው ይተርቱ ይሆን?

በሮች ተቆለፉ። የሚወጣ አይወጣም፣ የሚገባ አይገባም።
የቀኑ ፈረቃ ዳቦውን በብብቱ ይዞ
ብርድ ላይ አጉረመረመ፦
"ይቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች?"

"መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?"
"አርብ። ይኸው ተጽፏል።"
"የተጻፈውን አይደለም የጠየቅሁህ።"

ዦምቦር ዝም አለ።
አርብ ከሰዓት ነበር ስልኩ የጮኸው፤
እናቱ ወድቃ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ።
ሣጥኑን ሳይከፍት፣ ከላይ እስከ ታች
ዓምዱን በሙሉ በእርሳስ ምልክት አድርጎበት ሮጠ።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከዚያው ያልጠፋ ነገር
በአንድ አርብ የት ይሄዳል?

ሁለት ሰዓት ፈለጉ።
በኋለኛው ክፍል፣ አንድ ጀማሪ ቴክኒሻን
ሐሙስ ተውሶ ሳይመልስ በተወው ጠረጴዛ ሥር፣
መለኪያው ድንገት ተንጫጫ፣
ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የመጀመሪያ ዝናብ።
ከባዱ የእርሳስ ማሰሮ እዚያ ተቀምጧል፣
ክዳኑ ገርበብ ብሎ፣
ጣት በማያስገባ ስንጥቅ።

ማንም አልተጎዳም።
ዦምቦር ግንባሩን ጠረገ፦ "ተገኘ እኮ! ምኑ ይጻፋል?
የግድ ካልሽም በእርሳስ ይሁን።"

በእኔ ቋንቋ ሁለቱም እርሳስ ይባላሉ፦
ጨረራውን የሚያፍነው ከባዱ ብረት፣
ቃልን የሚይዘው ቀጭኑ እንጨት።
ያኛውን የማይታይ እሳት አይበሳውም፤
ይሄኛውን ላጲስ ይበላዋል።

ብዕሯን አወጣች፣ ሰማያዊ።
"አርብ ዕለት አልታየም። ታየ ተብሎ ተጽፏል።"
ሁለት ዓረፍተ ነገር።
ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ቅጠል
ለካ እንዲህ ያለ የመዝገብ ቅጠል ነው።
ዦምቦር ፈረመ። ሻዩ በርዷል።

መኪናዋን አስነሣች። ሞተሩ ሲሞቅ፣
የተረሳ ገጽ ትዝ አላት፤
የካቲት፣ ያው መዝገብ፣ "አርባ አንድ" ከሚለው ሥር
የራሷ ፊርማ።
ያን ቀን ጉልበቷ ክፉኛ አሟት
ላይኛውን ቆጥራ፣ ታችኛውን
ሳትጎነበስ፣ ከቁመቷ፣ በዓይኗ ገምታ ነበር።
አርባ አንድ ነበር። ምናልባት።

ሞተሩን አጠፋች።
ደረጃውን ዳግመኛ ወጣች፣ ሰላሳ ሁለት እርከን፤
መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠች፣ እስከ የካቲት።
ብዕሯ መኪናው ውስጥ ቀርቷል።

ዦምቦር ገጹን አየ፣ ፊርማዋን አየ።
ምንም አላለም።
መሳቢያውን ከፈተ፤
ጣቱ እርሳሱን አልፎ፣
ብዕር አቀበላት።