አንገተ ቀይ፣ አንገተ ግራጫ

ኢኪቶስ ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
ከናናይ ወንዝ ማዶ ጀንበር ስትጠልቅ፣
የሌሊት ጦጣዎች ያን ጊዜ ይነቃሉ፤
ከየእንጨት ሣጥናቸው ዐይን ብቻ ሆነው ብቅ ብቅ ይላሉ፤
ቡናማ ዐይን፣ ክብ ዐይን፣ ፊትን የሚሞላ፣
ቀለም የማይለይ፣ ጨለማ የሚበላ።

እኔ ኤሪቤርቶ ነኝ፣ ታፑዪማ ነው ቤቴ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ይኸው ነው ሌሊቴ፦
ሙዝ መላጥ፣ ውሃ መቅዳት፣
አንዲት ጠብታ ደም ከጆሮ ጫፍ ወስዶ መስተዋት ላይ ማርጋት፣
በደሟ ውስጥ ያለችውን የወባ ቀለበት ቆጥሮ መዝገብ ማግባት።

መጽሐፉ እንደሚለው፣ ጥንት አንዲት ነበረች፤
በአንድ ስም፣ በአንድ መልክ፣ አንድ ዝርያ ተባለች።
ኋላ አንገቷን ቢያዩት፣ ፀጉሯን ቢገልጡ፣
ከአንዷ ጦጣ ሆድ ሁለት ዝርያ አወጡ፤
ከታላቁ ወንዝ ወዲህ ግራጫ አንገት፣
ከታላቁ ወንዝ ወዲያ የሸክላ ቅላት።
ከዚያ ደግሞ መጡ ክሮሞሶም ቆጣሪዎች፣
ሕዋስ አሳብጠው በትነው የሚያዩ ዐይነ ሹል ሰዎች።
«ቀዩ ሃምሳ አራት ነው፤ ግራጫው አርባ ስድስት።»

አርባ ስድስት?
የእኔም እኮ ነው። የሚስቴም። የዶክተሯም።
ቤሌን ገበያ ዓሣ የሚመዝነው ሰውዬም።
ነገሩ በቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ
ግራጫው ወንድሜ ነው፣ ጎረቤቴ አብሮ።

ሠላሳ አንድ ቁጥር ውስጥ ባልና ሚስት ነበሩ፤
ሦስት ዓመት ተጣብቀው በአንድ ሣጥን አደሩ፤
ልጅ ግን የለም።
ዶክተር ኦዳሊስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
«ደሙን አምጣው» አለች።
አመጣሁ። ዘረጋች፣ ቀለም ነከረች፣ ቆጠረች፤
ሻይዋ ቀዘቀዘ፤ ደግማ ቆጠረች።
«ኤሪቤርቶ፣ ይኼ ወንድ እኮ ቀይ አይደለም።»

ትዝ አለኝ ያ ምሽት። አዳኙ ኔፕታሊ በታንኳ ሲያመጣው
መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በፋኖስ ነው ያየነው።
ፋኖስ ፊት የቆመ ያልቀላ ማን አለ?
እጄ ነው «ቀይ» ብሎ በአንገቱ መለያ ያንጠለጠለ።
ስድስት ዓመት ሙሉ የእኔ የአንድ ቃል ስሕተት
በሠንጠረዥ ገብታ ሆና ኖረች እውነት።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው።
ባለፈው ጥቅምት ከሃያ ስምንት ቁጥር ሣጥን
እናት አባት ያጣ አንድ ጨቅላ አስጠጋንበት፤
የአውራ ጣቴን ያህል ጭንቅላት፣ ቀሪው ዐይን።
የእነዚህ ጦጣዎች ወግ ከሌላው ይለያል፦
እናት ታጠባለች፣
ጡት ሲያበቃ ነክሳ ታባርራለች፤
አባት ግን ያዝላል።
«ጦጣ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች» ይባላል፤
ይህኛው መጀመሪያ ጀርባዬን ብሏል።
አላሸተተውም፣ አንገቱን አላየም፣
ቁጥርህ ስንት ነው ብሎ አልጠየቀውም፤
አርባ ስድስት ጎንበስ አለ፣
ሃምሳ አራት ወጥቶ ተንጠላጠለ።

ዶክተሯ መዝገቡን ገልጣ ሰረዘችው።
«ከጥናቱ ወጥቷል።» ልክ ናት፣ ምን ልበላት?
የተሳሳተ ደም የተሳሳተ መልስ ነው፤
ወባ ደግሞ ስሕተት አይምርም፣ አውቀዋለሁ።
ዬስሊ ልጄ ናት። ሚስቴ ይዛት የመጣች፤
በሦስት ዓመቷ፣ በወባ ብርድ ሌሊት፣ ጀርባዬ ላይ ያነጋች።
ይህን ለዶክተሯ አልነገርኳትም።

አዲስ መለያ ሰጠችኝ። በእጅ ባትሪ ሳይሆን
ጠዋት በመስኮቱ፣ በፀሐይ አየሁት አንገቱን፤
ግራጫ ነው፣ አዎ፣ እንደ ምድጃ አመድ።
ክብደት፦ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ግራም። ዕድሜ፦ አይታወቅ።
ዝርያ የሚለውን ሞላሁ፤ አንገት የሚለውንም።
ጀርባው ላይ ስላለው ቅጹ ቦታ የለውም።

ሲመሽ ሙዝ አቀበልኩ። አባትየው ግማሹን ጎረሠ፣
ግማሹን በትከሻው ወደ ኋላ ያዘ፤
ከፀጉሩ ውስጥ አንዲት ቀጭን እጅ ወጣች፣
ተቀብላ ገባች።