አምስት ጎራሽ

ዴልመር መጀመሪያ ሽጉጥ አላሳየኝም፤
እንደ ሌላው ነጋዴ «የቱን ልስጥሽ?» አላለኝም።
መስታወቱን ተደግፎ ወገቤን አየና፣
«ቀበቶሽ የታለ?» አለኝ፣ መነጽሩን አቀና።

«ቀሚስ ነው ልማዴ፣ ከላይ ነጭ ጋዋን፤
ኪሴ ከእስክሪብቶ ሌላ አያውቅም እስካሁን።»
«እንግዲያስ ከቀበቶው ነው የምንጀምረው፤
ወገብ ያልያዘውን እጅ ፈልጎ አያገኘው።»

ውጭ የኔብራስካ ነፋስ የበቆሎ ገለባ ይነዳል፤
በሩን ገፋ ባደረገው ቁጥር ልቤ ከስፍራው ይሄዳል።
ከነሐሴ ወዲህ እንዲህ ነኝ። በነሐሴ አንድ ልጅ፣
ግንባሩ በቆብ የተሸፈነ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣
ልዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ ክኒኑን ጠራልኝ በስሙ፤
ሰጠሁት። ከአፈሙዙ ይልቅ የታየኝ ሕመሙ።
እናቱን አውቃታለሁ።
የግፊት መድኃኒቷን በየወሩ የምቆጥርላት እኔ ነኝ።
ለፖሊሱ ሁሉን ስናገር ይህቺ አንዷ ነገር
ምላሴ ሥር ሟሟች፣ እንደ ልብ ክኒን።

ዴልመር ትንሿን አወጣ፣ ከመዳፌ የማትበልጥ፤
«ለመታጠቅ ላባ ናት» አለ፣ «ለመተኮስ በቅሎ፣ የምትራገጥ።»
ሁለተኛው አሥራ አምስት ይጎርሳል፣ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ኩሩ፤
«አቀባብዪው» አለኝ። ጎተትኩ። ጣቶቼ ተማረሩ።
ሠላሳ ዓመት የጠርሙስ ክዳን ሲጠመዝዝ የኖረው አውራ ጣቴ
እንደ ዛገ ማጠፊያ ቆመ፤ ቀላ ፊቴ።
ዴልመር አልሳቀም። አባቱም ቁርጥማት ነበረበት፤
ከታች መሳቢያ ሌላ አወጣ፣ ዘይት የጠገበ ጨርቅ ተጠቅልሎበት።

አምስት ጎራሽ። ሆዷ ክብ፣ አፏ አጭር፤
መዶሻዋ ውስጧ የተደበቀ፣ ከልብስ ጋር የማይተሳሰር።
መሳብ እንጂ ማቀባበል የለ፤ ቃታዋ ረዥምና ከባድ፤
«ሐሳብሽን ለመቀየር» አለ፣ «ጊዜ የሚሰጥሽ መንገድ።»

ከጎኔ የቆመ ጎረምሳ «አምስት ብቻ?» ብሎ ሳቀ፤
ዴልመር ቀና ብሎ አየው፤ ልጁ ወደ ዓሣ ማጥመጃው ራቀ።
«ምርጡ የቱ ነው ግን?» አልኩት። ጥይቱን እየቆጠረ፣
እንደ እኔ ክኒን፣ በአምስት በአምስት፣ «እሱማ» ብሎ ጀመረ፣
«ጠዋት ጠዋት ስትለብሺ የማያስመርርሽ ነው፤
ቤት የቀረ ሽጉጥ የመሳቢያ ብረት ነው።
ቦርሳ ውስጥ አታድርጊ፤ ቦርሳ ይነጠቃል፣ ይረሳል፣
የልጅ ልጅ ማስቲካ ፍለጋ እጁን ሰዶ ይዳስሳል።
አፎቱ ቃታዋን ይሸፍን፤ ቆዳው ጠንካራ ይሁን፤
ጣትሽ እንዳይቀድም ልብሽን።»

ሁለት ሳምንት ባዶዋን ታጥቄ ዋልኩ፣ ጓዳ፣ ምድር ቤት፣ መኪና፤
ስቀመጥ ጎኔን ቆነጠጠች፣ ስጎነበስ ጋዋኔን ወጠረች፣
ወደ ኋላ አዛወርኳት እንደገና።
በሦስተኛው አጎረስኳት።

ትናንት እናቱ መጣች። ሎርና ትባላለች።
ክኒኗን ቆጠርኩላት፣ ሠላሳ።
«ልጄ ማገገሚያ ገባ» አለች፣ «በገዛ እግሩ ሄደ።»
ከባንኮኒው ዞራ መጥታ
ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች።
እኔም ሳላስበው ዞርኩ፤ ግራ ጎኔን ሰጠኋት፣
ቀኙን በክንዴ ሸፍኜ።
ትከሻዬ ላይ አለቀሰች።

ሁለት የደበቅኩት ነገር ነበረኝ፤
አንዷ ሰውነቴ ያሞቃት ብረት፣ ጎኔ ላይ አርፋለች፤
ለሌላዋ እስካሁን አፎት አልተገኘላትም።