የጃርቷ ቀጠሮ

እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፤ አፉላ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
ክንዴን ለማሽን ሰጥቼ አራት ሰዓት ስጠብቅ፣
ደሜ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣ ታጥቦ እስኪመለስ፣
ከአውቶቡስ ፌርማታ ያነሣሁትን መጽሐፍ ልግለጥ፣ ልዳስስ።
ሰው የጣለው ነው። ሽፋን የለው፣ የጻፈው ሰው ስም የለው፤
እንስሳ ሁሉ ጠበቃ በነበረበት ዘመን ነው የሚለው።

ነብር ጃርትን ሊበላ ነው። ጃርትም፦ «ጌታዬ፣ አስቀድሞ
ሳቢሳ ለጉርጥ የነገረችውን ይስሙ፤
ፍርድ ሲዘገይ ይጣፍጣል ደግሞ።»
ሳቢሳ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆማ፦ «አንተ ጉርጥ፣ ስማ፣
የሚዳቋዋን ነገር ሳታውቅ ከውኃህ እንዳትወጣ ማልደህ።»
ሚዳቋዋ ለተኩላ ዋስ ሆና፣ ተኩላው ጠፍቶ፣ እሷ ተይዛ፣
ከዳኛው ፊት «እኔስ እንደዚያ ጉሬዛ...» ብላ ትጀምራለች።
በር ከፍተው ይገባሉ፤ ወደ ኋላ የሚዘጋ የለም።
አራት በር ቆጥሬአለሁ። አምስተኛው ላይ ጣቴን አስገብቼ፣
ነርሷ ግፊቴን ስትለካ፣ የት እንደ ነበርሁ ጠፋኝ።

ልጅ ሳለሁ «ማን አሸነፈ?» ነበር ጥያቄዬ።
አሁን፦ ማን ነው የሚያወራው? ለማን? ምን ፈልጎ?
ምክር ያለ ጉዳይ አይመጣም፤
ምሳሌም እንደ እንግዳ ነው፣ ሳይበላ አይወጣም።
በሚዳቋዋ ያኔ ስቄአለሁ፤ ተኩላ ይታመናል? ብዬ።
ዛሬ አልስቅም። ለእህቴ ባል ፈርሜ፣
ባንኩ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆረጠ ከደሞዜ፣ በስሜ።
ጸሐፊዋ እስክሪብቶውን ስታቀብለኝ ፈገግ ብላ ነበር፤
ተኩላውም ትሑት ነበር፤
የጫማዬን ክር ሊያስርልኝ ምንም አልቀረው።
መጽሐፉ ይህን አይልም። «ሞኝ ነበረች» ብሎ ያልፋል።
ሞኝ አልነበረችም። ዘመድ ነበረች።

በግራዬ ነዒም አለ፤ የባስራ ልጅ፣ ሰማንያ አራት ዓመቱ፣
ዓይኑ ደክሟል፤ በዕብራይስጥ ጮክ ብዬ ሳነብለት
ቃል ስስት ያርመኛል፤ እሱ ደግሞ እንስሳውን ይስታል፦
ሳቢሳዋን ዳክዬ ይላታል፤ አባቱ እንዲያ ነበር ያወራው።
ሁለተኛው በር ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ይጥለዋል፤
የቀረውን መንገድ ብቻዬን እገባለሁ።
ሲነቃ «ጃርቷስ?» ይላል።
«ቀጠሮ ላይ ናት።»
«ጎበዝ» ይላል፣ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ እየሳበ።

ባለፈው ሐሙስ መጨረሻው ገጽ ደረስሁ።
ነብሩ ሁሉን ሰማ፣ አመሰገነ፣ ከዚያ በላት።
አንድ መስመር ናት።
እሾኋን እንዴት እንዳላመጠው እንኳ አልተጻፈም።

ነዒም ነቅቷል። «ጃርቷስ?»
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«ጃርትም አለች፦ ጌታዬ፣ አንዲት ነገር ቀርታለች፤
በዚህ ሸለቆ አንድ በያጅ ነበረ፣
ለእህቱ ባል ሊፈርም አንድ ቀን ወደ ባንክ የሄደ...»
በአንድ ዓይኑ አየኝ። «ይህ በመጽሐፉ የለም፤
ጃርት ስለ ባንክ ምን ታውቃለች?»
ዝም አልሁ። ማሽኑ ብቻ ይዞራል።
የነዒም ጣቶች የወንበሩን ክንድ መታ፣ መታ አደረጉ።
«ወለዱ ስንት ነበር?» አለ። «ቀጥል እንጂ።»

ሩላ መጣች፤ ደሜን መለሰችልኝ፣ መርፌውን ነቀለች፣
በጥጥ ያዝ አለችኝ።
በእኛ ቤት ተረት ሲያልቅ፣ አልኋቸው፣
«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል።
«ዳቦ ይቻላል» አለች ሩላ፤ «ጨው እንዳይበዛ ብቻ።»

እኔ ግን አልመለስሁም።
በያጁ ገና ባንኩ በር ላይ ነው፣ ኮቱን እያራገፈ፤
ሚዳቋዋ ዳኛው ፊት፣ ጉርጡ ውኃው ውስጥ፣
የነብሩ አፍ እንደ ተከፈተ።
እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።
ጃርቷም አለች።