የላይኛውና የታችኛው

ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣
ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ውሃ የማይታይ፤
ሲመጣም በፈረቃ፣ እሱም በእኩለ ሌሊት፣
እኔና ሰዓዳ ባልዲ ይዘን ፊት ለፊት።
የላይኛው ቤት እሷ፣ የታችኛው እኔ፤
ስታስነጥስ እንኳ ይሰማዋል ጎኔ።

መነሻው ሃያ ብር። ቢሉ አልገጥም አለ።
«ሌሊት የሚቀዳ የሌባ እጅ አለ!»
አለች በግድግዳው። እኔም አላነስኩ፣
የእናቷን መቃብር በቃሌ ቆፈርኩ።
ለእንግዳ «አብሽር» የማይሰስት አፋችን፣
ለጎረቤት ሲሆን ጠፋብን ቃላችን።

ከዚያ ወዲያ በቃ። በሯ ሲንጣጣ ማለዳ፣
ትከሻዬ ድንጋይ፣ ራሴ ሊፈነዳ፤
ያልመለስኩላትን ሌሊት እያኘክሁ፣
እህሉ አልፈጭ ብሎ ነገር እያገሳሁ።
«ቆሽቴ አረረ» ስል ኖሬ እንደ ዘበት፣
አካሌ ሰምቶኛል፣ ቃሌን አምኖበት።

ጤና ጣቢያ ሄድኩኝ። ጨርቅ ክንዴን አነቀ፤
ነርሷ ትንፋሽ ዋጠች፤ ልቤ ተጨነቀ።
«የላይኛው ከፍ ብሏል» አለችኝ። «አይ ልጄ፣
እሷማ ድሮም ነው!» አልኳት ተናድጄ።
«የታችኛውም ጭምር» ስትለኝ ግን ዝም አልኩ፤
ስለ ማን እንደሆን ወዲያው ገባኝ፣ አፈርኩ።
«ጨው ቀንሺ» አለች። ጨውስ እቀንሳለሁ፣
የምላሴን ጨው ግን በምን እለካለሁ?

መድኃኒት መስኮቱ ጋ ወረፋው ሲዘገይ፣
ሊላ ሻሽ ከፊቴ፤ ያ አንገት አይደል ወይ?
ሰዓዳ ናት። እጇ ወረቀት ጨብጧል፤
ያው ክኒን፣ ያው መጠን፣ በያው እጅ ተጽፏል።
አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ በአንድ ግድግዳ፣
አንድ ሕመም ኖሯል እኛ የምንቀዳዳ።

አየችኝ። አየኋት። ወረፋው ተንቀሳቀሰ።

አልታረቅንም ያኔ። አባጋር አልመጣም፣
ሽማግሌ አልቆመም፣ ይቅርታም አልወጣም።
ያን ሌሊት ግን ሳል ያዘኝ። ከግድግዳው ስንጥቅ፣
«አጀቡሽ፣ ደህና ነሽ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ
አድርጋ። «አብሽሪ።» ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል የለም።
ጎህ እስኪቀድ ተኛሁ፣ ምንም ሳላልም።

በወሩ ስለካ ትንሽ ዝቅ ብሏል፤
ነርሷ «ክኒኑ ነው» ትላለች። ይሆናል።

ሃያ ብሩ ግን ዛሬም አልገጠመም።
ቢል በመጣ ቁጥር ሰዓዳ በሬ ላይ ትቆማለች፤
«የላይኛው ስንት ሆነ? የታችኛውስ?» ትለኛለች፣
ሂሳቡን በኋላ።