አዲስ ተከራዮች

ይመር ከሐይቅ ሰጠኝ፣ ግማሽ ኪሎ ቀይ ትል፣
በአሮጌ የወተት ጣሳ፣ አፉን በሻሽ አስሮ፣ «እንዳይታፈኑ» ሲል።
ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስመጣ፣
ረዳቱ «ማር ነው ወይ?» አለኝ፤ «አዎ» የሚል ካፌ ወጣ።
ያ ማር እስከ ደሴ ድረስ መዳፌ ስር ተላወሰ፣
ኩርባ በዞርን ቁጥር የእኔም ሆድ አብሮ ታመሰ።

ቤቴ ቧንቧ ውሃ ነው። ቤቴ ስል፣ የእማማ ሉባባ፣
ከሰርቪሱ አንዷ ክፍል፤ ሳምንት ያልሞላኝ፣ ከገባሁባት ገና ያልተግባባ።
ስፌት መኪናዬ ቆቦ ቀርታ፣
መቀሴና ሜትሬ ብቻ፣ ከአንድ ሻንጣ ጋር፣ ከአንድ ኩርታ።

ሉባባ አየች፣ ጮኸች፦
«አንተ ልጅ፣ ትል በገዛ እጅህ፣ ግቢዬ ውስጥ ልታረባ?
እነሱ እንደሁ አይቀሩም፤ ይቆዩን፣ አፈር ስንገባ!
ምን አስቸኮለህ?»
መልስ አጣሁ።

የቲማቲም ሳጥን ገዛሁ፣ ከሰኞ ገበያ ተከራክሬ፣
ካርቶን በመቀስ ቀደድኩ፣ እንደ ሱሪ ጨርቅ ለክቼ፣ ቀጥ ባለ መስመሬ፤
ይመር እንዳዘዘው አራስኩት፤ «ሲጨመቅ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በላይ አይሁን» እንዳለ፣
ከሱ ላይ አንድ እፍኝ አፈር፣ የከረመ ፍግ፣ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ተከተለ።
ከዚያ ያቺ ስህተት፦ ከጭማቂ ቤት ለምኜ ያመጣሁት፣
የብርቱካን ልጣጭ፣ ከነሙቀቱ፣ በሁለት እጄ የደፋሁት።
ወሎዬ አይደለሁ? እንግዳ ሲመጣ ጥቂት ማቅረብ ነውር ነው፤
ማጥገብ ብቻ ነው የማውቀው።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስነሳ፣ እግሬ ስር አንዳች ረጠበ፣
ግድግዳው ላይ ቀይ ክር፣ ማንም ሳይጎትተው ተሳበ።
ሁለት። አስር። ከበሩ ስር። ከጫማዬ ውስጥ።
ስፌቱ እንደ ተተረተረ ልብስ፣ ክፍሌ በክር ሞላ፤
በማንኪያ ለቅሜ ስመልስ፣ በሌላ ጥግ ይወጣል ሌላ።

ለይመር ደወልኩ፣ በዚያ ሰዓት። አልተቆጣኝም፤ አዛጋ፤
«አብሽር» አለ፣ «አዲስ ቤት ነው። ትልም ሰው ነው፤ ገና አልረጋ።
ብርቱካኑን አውጣው። ለሳምንት ምግብ ይቅር፤ ጥጋብ ነው የሚገድላቸው።
መብራት ብቻ አብራላቸው፤ ብርሃን ይፈራሉ፣ እሱ ወደ ታች ይመልሳቸው።»

መብራት አብራ! ከማታ ጀምሮ የለም።
ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቴ ላይ ተኝቷል፤ ሻማ እንኳ አልገዛሁም።
የስልኬን ባትሪ አበራሁ፣ ሳጥኑ አፍ ላይ ያዝኩት፣
አስራ ዘጠኝ በመቶ። ስምንት። አራት። እያየሁ ቆጠርኩት።
ክሮቹ ጫፋቸውን ሰብስበው ወደ ጨለማቸው ሰረጉ፤
ስልኩ ጠፋ።
ሰማኋቸው፣ ወይም መሰለኝ፣ ጠርዙን ሲፈልጉ።

በሩ ተንኳኳ። ሉባባ፣ ፎጣ ደርባ፣ ፋኖስ ይዛ፣
«ያመመህ መስሎኝ» አለች። ሳጥኑን አየች። ቆየች ፈዝዛ።
«እኔም» አለች፣ «ከኩታበር ተድሬ እዚህ የገባሁ ለት፣
ሰባት ሌሊት አልተኛሁም። የጣራው ድምፅ የሰው ቤት።»
ፋኖሱን ከሳጥኑ አናት፣ ሚስማር ላይ ሰቅላ ሄደች፤
«ጋዙን ኪራይህ ላይ አስባለሁ!» በር ላይ ደርሳ ሳቀች።

ሦስት ሳምንት ሆነ። ግማሾቹ ሞተዋል መሰለኝ፤ አልቆጠርኩም።
የቀሩት የሙዝ ልጣጩን በሉ፤ ድንቹን ግን አልነኩም።
ክዳኑን ስገልጥ የሚሸተኝ፣ የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ነው፤
ትናንት ከካርቶኑ ስር አንዲት ቢጫ ፍሬ፣ ከሰናፍጭ ከፍ ያለች፤ ይመር «እንቁላል ነው» አለኝ፣ «ልጅ ነው»።
ለሉባባ ነገርኳት። ዝም አለች። ማታ ደጄ ላይ ያገኘሁት፣
በፌስታል፣ ደቅቆ የተከተፈ የጎመን ግንድ። ለእኔ መስሎኝ ጨው ፈለግሁለት።

ሌሊት አሁንም እነቃለሁ፣ መብራት ኖረ አልኖረ፣
ሳጥኑን በጣቴ አንኳኩቼ «አላችሁ?» እላለሁ፤
ከዚያ ተጋድሜ፣ ጣራውን አዳምጣለሁ።
ያው የሰው ቤት ነው።
ከትናንት ግን ትንሽ ቀነሰ።