አንድ ዓይን

የሥዕል መምህሬ፣ መሪጌታ ይሁኔ፣
ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳውን ሲያሳዩኝ ለዓይኔ፣
«ጻድቅ ፊቱን ይሰጥሃል፤ ሁለቱም ዓይኑ ይበራል፤
ኃጥእ ግን በጎን ይሣላል፣ በአንዱ ብቻ ያፈጣል»
አሉኝ። ያዝኩት።

ኑሮ ታፔላ አስጻፈኝ፣ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፤
መሰላል ላይ አረጀሁ፣ ጥፍሬ ቀለም ለምዶ።
ያን አንድ ግድግዳ ስንት ጊዜ ቀባሁት፤
ጳጳስ እንኳ ይህን ያህል ንጉሥ አልቀባ።
መጀመሪያ ቀይ ኮከብ፣ ጡንቻማ ክንድ፤
ቀጥሎ ንብ፤ ክንፏን ስስል ኮከቡ ከሥሯ ቀልቶ አስቸገረኝ።
ከንቧ ወዲያ ደግሞ ሌላ ፈገግታ፤
የሱን ሒሳብ እስካሁን አልከፈሉኝም።

ዘንድሮ መሰላሉ ቀረ። ስክሪን መጣ፣ ሁለት ፎቅ የሚያህል።
ቧንቧ ሲከፈት ያሳያል፣ ውኃ ሲፈስ፣ ሕፃን ሲጠጣ፤
ከሥሩ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል፣ ቦቴው እስኪመጣ።
እዚያ ላይ የወጣ ሁሉ ባለ ሁለት ዓይን፤
መሪጌታ ቢያዩት ማንን ኃጥእ ይሉ ይሆን?
መብራት ሲጠፋ ጥቁር መስተዋት ነው፣ ረዥም፤
ሰልፈኛው ራሱን ያይበታል፣ ማንም አያጨበጭብም።

ትናንት ማታ ስለናት፣ የእህቴ ልጅ፣ ስልኳን ይዛ ገባች፤
«ጋሼ፣ ጎንደር እየነደደች ነው!» አለች።
እዚሁ ጎንደር ተቀምጠን።
መስኮቱን ከፈትኩ። ጃንተከል ዋርካው ቆሟል፣
አንድ ባጃጅ ከሥሩ ተኝቷል።
ስልኩ ውስጥ ግን ጭስ ነው፣ ነበልባል፣ የሚሯሯጥ ሰው፣
ዋይታ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው።
በአንድ ሰዓት አርባ ሺህ ሰው አይቶታል።
ደግሜ አየሁት። ችቦ ነው፣ አደይ የታሰረበት፤
የአምናው ደመራ ነው፣ ሆታውን ፍቀው ዋይታ የለጠፉበት።

ስለናት በሁለት ጣቷ ምስሉን ለጠጠችው፤
ቀይ ክብ የተሣለበትን ሰው ወደ እኔ አቀረበችው፤
ሽበታም፣ ኮቱ ቀለም የነካው፣ ወደ እሳቱ የዞረ።
«የለኮሰው ይሄ ነው» ይላል ጽሑፉ።

እኔ ነኝ።

ለኩሻለሁ፣ እውነት ነው፤ ችቦ የያዘ ሁሉ ለኩሷል።
ሌላው ዓይኔ ወደ ደመራው ነበር፤ ጭሱ አስለቅሶታል።
ማንሳቱን ግን በጎን ነው ያነሱኝ፤
አንድ ዓይኔ ብቻ ይታያል።