ጆሮ ለባለቤቱ

ስልኳ ጢጥ ሲል ነቃች፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤
መነጽሯን ዳበሰች፣ ጨለማው ውስጥ ወድቆባት።
«ሦስተኛው ማሳ ላይ፣ ስድሳ ሳንቲ ሜትር፣
ናይትሬት እየወረደ ነው» ይላል አጭሩ መስመር።

ውጭ ዝናብ ይጥላል፣ የዩትላንድ ጥቅምት፣
ነጎድጓድ የሌለው፣ ጭምት፣
እያሳሳቀ መውሰድ የለመደበት፤
በአሸዋማው አፈር ሰርስሮ እየገባ፣
መጋቢት የበተነችውን፣ የከፈለችበትን፣ እንደ ሌባ፣
ከስንዴው የተረፈውን ሰብስቦ
ተሸክሞ ይወርዳል ወደ አባቷ ቱቦ።
የሸክላ ቱቦ ነው፤ አባቷ በአካፋ የቀበሩት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
«ውሃው ይውጣልን እንጂ የት ይሂድ የት» እያሉ።

የት እንደሚሄድ ግን ፕሬበን ያውቀዋል፤
የቲራ ታናሽ ወንድም፣ ሊምፍዮርድ ዳር ዓሣ ያጠምዳል።
ነሐሴ ላይ መረቡን ሲስብ፣ ውሃው ትንፋሽ አጥሮት፣
ጠፍጣፎቹ ዓሦች ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ጠበቁት፤
ባሕሩ የገማ ዕንቁላል ሸተተ፣ ሸተተ ልብሱ፣
ሸተተ የእናታቸው ልደት ላይ የጠረጴዛው ጨርቅ ራሱ።
«ያንቺ ስንዴ ገደለብኝ» አለ፣ ሹካውን አስቀምጦ።
ጨው እንኳ በሰው እጅ ዞረ፣ እህትና ወንድም ጎን ለጎን ተቀምጦ።

አላመነችም። ማን ያምናል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።
ስለዚህ ዐሥራ አራት ጆሮ ገዛች፤ የሁለት ላም ዋጋ ነው የፈጀው።
ባትሪ ያዘሉ ዘንጎች፣ አፈር ውስጥ ተተክለው፣
እርስ በርስ ተንሾካሹከው
ለጎተራው አንቴና ወሬ የሚያቀብሉ።
(እውነቱን ለመናገር፣ «ዋሸህ» ልትለው ነው የገዛችው ያንን ሁሉ።)

አሁን ኩሽና ቆማ፣ እግሯ ወለሉ ላይ እየቀዘቀዘ፣
ሃያ ሁለት። ሃያ ስድስት። ቁጥሩ መውጣት ያዘ።
ሠላሳ አንድ።
ቁጥር አይሳደብ። ቢሰድባት ይቀላት ነበር።
ከበረቱ ጀርባ ብቻ፣ ከጆንያ የተረፈ ራዲሽ ከበተነችበት ምድር
አራት ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ አራት።
ያ ቅጠል የያዘውን አይለቅም፤ ማንም አልነገራት።

ስክሪኑን ፎቶ አነሳች። ሰላምታ ሳትጨምር
ለፕሬበን ላከችው። አጥማጅ መቼም አይተኛ፣ ከዝናብ ጋር።
«ሦስተኛው የትኛው ነበር? የቁልቁለቱ?» አላት።
«የድንጋዩ» ጻፈች፤ «ጥርስህ የወለቀበት።»

ከዚያ ዝም። መነጽሯን አውልቃ መብራቱን አጠፋች።
ስልኩ እንደገና ጢጥ አለ፤
መሬቱ ይሁን ወንድሟ፣ ሳታይ፣ ጨለማ ውስጥ ቆመች።